«እኔ ምን እሆናለሁ?»

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፖለቲካ አይደለም። እንደተለመደው ረዘም ይላል፤ ቡና የምትጠጡ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በ2014 ዓ.ም. እናቴን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ካወጣንበት ሰዓት ጀምሮ ተራችን እስኪደርስ ድረስ የምታወራው ስለ አባቴ ምሳ ነበር። «ሽሮውን ሠርቼ ነው የወጣሁት፤ ግን ማን ያሞቅለታል?» ትለኛለች። በየሩብ ሰዓቱ ስልኬን ተቀብላ ትደውልለታለች።

የተቀበለችን የአእምሮ ጤና ነርስ ወጣት ልጅ ናት። ከወረቀት ላይ ዘጠኝ ጥያቄዎችን ታነባለች። የመጀመሪያው እንዲህ የሚል ነው፦ «እናቴ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ያጡባቸው ቀናት ነበሩ?»

እናቴ ወደ እኔ ዞር አለች። ጥያቄው ያልገባት መስሎኝ ልደግምላት ስል ወደ ነርሷ ተመለሰችና «ደስታ የምትዪው የእኔን ነው?» አለቻት።

ነርሷ አልሳቀችም። «አዎ እናቴ፣ የእርስዎን» አለች።

እናቴ ብዙ አሰበች። ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አራት ልጆች አሳድጋለች። «እሱንስ ካየሁት ቆየሁ» አለች በመጨረሻ፤ የጠፋ ዕቃ የተጠየቀች ያህል።

ያደግኩት እዚሁ ግልገል በለስ ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ጨዋ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው። ይጠጣ ነበር። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ናት፤ አንድ ሰው ከአረቄ ቤት ሲወጣ የሚያየው አይጠፋም። እናቴ ግን አንድም ቀን «ባሌ ይጠጣል» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «አሞታል» ነው የምትለው። «ወባ ይዞታል።» አገራችን ቆላ ነው፤ ወባ ያልያዘው ሰው የለም፤ ስለዚህ ወባ ብዙ ነገር ይሸፍናል።

መልእክተኛው እኔ ነበርኩ። ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በአባቴ መሥሪያ ቤት በኩል አልፍና «አባባ ወባ ይዞታል፤ ዛሬ አይመጣም» እላለሁ። አንድ ቀን አለቃው ፈገግ ብሎ «የአባትህ ወባ ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን ያውቃል እንዴ?» አለኝ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። እኔም መሸፈን ተምሬ ነበር።

እናቴ ሌላም ሥራ ነበራት። በርበሬ በጅምላ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ ትሸጣለች። ከዚያ በምታገኘው የአባቴን የአረቄ ቤት ዱቤ በድብቅ ትከፍላለች፤ ዕዳው ሰው ፊት እንዳያዋርደው። ማታ ሲመጣ ስንት መለኪያ እንደጠጣ ከኮቴው ታውቃለች። ኮቴው ከበድ ካለ እኛን ታስተኛለች፣ ሬዲዮኑን ትዘጋለች፣ ውኃ ታቀርባለች። እሱ ደስ ያለው ቀን ቤቱ በሙሉ ደስ ይለዋል። እሱን የከፋው ቀን እሷ ጥፋቷን ትፈልጋለች። «ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን?»

መምታት የሚባል ነገር አልነበረም። ይህን የምጽፈው «ታዲያ ምን ጎደላት?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ሰፈሩ ያመሰግናታል። «እንደ እሷ ያለች ቻይ የለችም» ይባላል። ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ለሙሽሪት «ትዳር መቻል ነው፤ ከእሷ ተማሪ» ይላሉ። አሁን ሳስበው ከአባቴ አረቄ ይልቅ የያዛት ይህ ምስጋና ነው። አንድ ቀን «በቃኝ» ብትል የምታጣው ባሏን ብቻ አልነበረም፤ ስሟንም ጭምር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐኪም አባቴን «ጉበትህ ተጎድቷል፤ ወይ መጠጡን ወይ ሕይወትህን ምረጥ» አለው። ጸበልም ገባ። ተወው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዛሬ ጠብታ አልቀመሰም። ሁላችንም እልል አልን።

እናቴ ታመመች።

ለማስረዳት የሚከብደኝ ይህ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ስትሳልለት የኖረችው ነገር ሲሰጣት እንቅልፍ አጣች። «መላ ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ትላለች። ራሷን ያማታል፤ ልቧን ያፍናታል። አባቴ አጠገቧ ተኝቶ እያለ ሌሊት ተነስታ በር ላይ ቆማ ኮቴ ታዳምጣለች። ጠዋት እሱ ራሱ ሻይ ካፈላ ትቆጣለች፤ ቀጥሎ ታለቅሳለች። አባቴ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርቶኝ «እኔ አረቄ ተውኩ፤ እናትህ ግን የሰካራም ሚስት መሆን መተው አቃታት» አለኝ። በንዴት አልነበረም። ግራ ገብቶት ነው።

ቀጥሎ 2012 እና 2013 መጡ። በመተከል የሆነውን እዚህ አልዘረዝረውም፤ የኖርንበት እናውቀዋለን። ሰው ሁሉ «የእናትህ ሕመም ከድንጋጤው ነው» አለኝ። ከፊሉ እውነት ነው። ኮቴ ማዳመጧ ግን ከዚያ በፊት የጀመረ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ስትወስድ ኖረች። እኛ ሰዎች ችግር ሲመጣ «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የእናቴ ሆድ ሃያ አምስት ዓመት ሲፈጀው ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ እሱ ሆዷን ፈጀው።

ከሆስፒታሉ መልስ ማንበብ ጀመርኩ። ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነው፤ የማላውቀው ነገር ሲያስጨንቀኝ ሌላ የማውቀው ዘዴ የለም። «ኮዲፔንደንሲ» የሚል ቃል አገኘሁ። ቁርጥ ያለ የአማርኛ ስም የለውም። በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ገብቶ ራስን ማጣት ልንለው እንችላለን። ቃሉ የተወለደው በጠጪዎች ቤት ነው። በአሜሪካ የጠጪ ቤተሰቦች የሚሰበሰቡበት አል-አኖን የተባለ ማኅበር አለ፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ጠጪዎችን ሲያክሙ የኖሩ ባለሙያዎችም ሕመሙ በጠጪው ብቻ እንደማያቆም፣ ቤተሰቡ ሁሉ በእሱ ዙሪያ እንደሚጣመም አስተዋሉ። ቃሉን ሕዝብ ዘንድ ያደረሰችው ሜሎዲ ቢቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ ነው። እሷ ራሷ ከሱስ የወጣች፣ የጠጪም ሚስት የነበረች ናት። ሐሳቡ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ የእሱ ሕይወት የእኔ ሥራ ይሆናል። እሱን መጠበቅ፣ መሸፈን፣ ማዳን የቀን ተሌት ሥራዬ ነው። እሱ ደህና ካልሆነ እኔ ደህና መሆን አልችልም። እሱ ሲድን ደግሞ ሥራ ፈት እሆናለሁ።

ሳነበው እናቴን የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ሁለት ነገር ግን ልጨምር።

አንደኛ፣ ይህ ቃል የአሜሪካ ሐኪሞች በሚገለገሉበት የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ አልሰፈረም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ሚስታችሁ ወይም እናታችሁ ላይ ስም እንዳትለጥፉ። የእናቴ ሕመም ስሙ ድብርት ነው፤ የሚታከም ሕመም ነው። ያኛው ድብርቱ የበቀለበት አፈር ነው።

ሁለተኛ፣ መደጋገፍ ሁሉ በሽታ አይደለም። የውጭ መጻሕፍቱ አንዳንዴ ሰው ለብቻው ቢቆም ጤነኛ ይሆናል የሚሉ ይመስላሉ። በ2013 ለብቻው ቆሞ የተረፈ ሰው አላውቅም። የጎረቤቱን ልጅ እንደ ልጁ ይዞ የወጣ ሰው ግን አውቃለሁ። እድር፣ እቁብ፣ የቡና ጎረቤት ባይኖሩ ይህች ከተማ ዛሬ አትኖርም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መደጋገፍ ሁለት ሰው ይፈልጋል። በእናቴ ቤት ውስጥ የሚታሰብለት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ዳና ጃክ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በድብርት የተያዙ ሴቶችን ስታዳምጥ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ መጽሐፍ አሳትማ ነበር። በሴቶቹ ንግግር ውስጥ ያገኘቻቸው ነገሮች አራት ናቸው። ራስን በሌላ ሰው ዓይን መመዘን። ፍቅር ማለት ራስን መሠዋት ነው ብሎ ማመን። ጠብ እንዳይነሳ ዝም ማለት። ከውጭ እሺ እያሉ ከውስጥ መቃጠል። አራቱንም ከእኛ የሠርግ ምክር ጋር አስተያዩአቸው። እሷ የሕመም ምልክት ብላ የቆጠረቻቸውን እኛ የጥሩ ሚስት መለኪያ አድርገናቸዋል።

ቋንቋችንንም ተመልከቱ። «የቤት እመቤት» እንላለን፤ እመቤት ግን የምታዝ እንጂ የምትታዘዝ አይደለችም። ሚስትን «ባለቤቴ» እንላለን፤ ስንት ቤት ነው በእሷ ስም ካርታ ያለው? በሰዋስው ትምህርትም ባለቤት ማለት ድርጊቱን የሚፈጽመው ነው። እናቴ ስታወራ ብታዳምጧት ግን ባለቤቱ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እሱ በላ፣ እሱ ተኛ፣ ልጆቹ ተመረቁ። «አንቺስ?» ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ «እኔ ምን እሆናለሁ?»

በ2013 ከመተከል ለተፈናቀሉት ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው ቦታ መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። ለዘገባ ሄጄ አንዲት ሴት አነጋገርኩ። ባሏ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሦስት ልጆች ይዛ ሌሊት ጫካ አቋርጣ የወጣች ናት። ማስታወሻዬን አውጥቼ ስሟን ብጠይቃት የባሏን ስም ነገረችኝ። «የአንቺን ነው የጠየቅኩሽ» አልኳት። «በእሱ ጻፈው፤ የእኔ ምን ያደርጋል?» አለች። ሦስት ነፍስ ያተረፈች ሴት ናት። ለእሷ ግን ይህ ሁሉ ባሏ እስኪመጣ ድረስ ቤት መጠበቅ ነበር።

ይህ የአንዲት ሴት ወይም የእናቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችም ወንዶችም አንድ ጥያቄ ተጠይቀው ነበር፦ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል፣ አልተኛም ብትለው፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው? ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ተገቢ ነው» ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ 63 በመቶ። ከሚመታው ይልቅ የምትመታዋ ዱላውን ፍትሐዊ አድርጋ ታየዋለች ማለት ነው። ራስን በሌላ ሰው ዓይን ማየት ሲባል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

አያቴ ዛር ነበራት። ልጅ ሆኜ አስታውሳለሁ። በአዘቦት ቀን አንገቷን ደፍታ የምትኖር ሴት፣ ዛሩ ሲነሳባት «ቡና አፍሉ! አዲስ ነጠላ አምጡ! ሽቶ!» ትላለች፤ ባሏ እየሮጠ ያመጣል። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የገባኝ። አያቴ በራሷ አፍ ነጠላ መጠየቅ አትችልም ነበር። እንድትጠይቅ ሌላ መሆን ነበረባት። ወደ ዛር እንመለስ እያልኩ አይደለም። እናቴ ግን ዛርም አልነበራትም፤ የነበራት ጨጓራ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? በየቻናሉ «ራስሽን ውደጂ»፣ «የማይገባሽን ሰው ጥለሽ ውጪ» የሚሉ ጽሑፎች አያለሁ። የት ነው የምትወጣው? ቤቱ በእሱ ስም ነው። ሒሳብ ደብተር የላትም። ወንድሞቿ «ወደ ትዳርሽ ተመለሺ» ነው የሚሏት። እናቴ ደግሞ መውጣት አትፈልግም፤ አባቴን ትወደዋለች። «ሥራ ትያዝ» የሚለው መልስም ብቻውን አይበቃም። በገበያ ቀን የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት ከፊትና ከኋላ ሸክም አንጠልጥለው ሲመጡ አያለሁ። ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ይሸጣሉ። ሆኖም እህት በእህት በሚለወጥበት ጋብቻ ብዙዎቹ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የተዳሩ ናቸው። መሥራትና በራስ ላይ ማዘዝ ለየቅል ናቸው።

ለእናቴ የሠሩትን ልንገራችሁ። ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

ነርሷ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሰጠቻት፤ በየወሩ ቀጠሮ ያዘችላት። ከዚያ «በሳምንት አንድ ነገር ለራስዎ ብቻ ያድርጉ» አለቻት። የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም አጣች። በሁለተኛው ለአባቴ ካልሲ ገዛችና «አደረግኩ» አለች። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። በሦስተኛው ለማንም ሳትናገር ጎረቤት ቡና ሄዳ ሁለት ሰዓት ቆየች። አባቴ ደነገጠ፤ ምሳውን ግን ራሱ አሙቆ በላ። ሲመሽ «ምንም አልሆነም እኮ» አለችኝ፤ የምሥራች የምትነግረኝ ይመስል።

ከስድስት ወር በኋላ በስሟ ሒሳብ ልንከፍት ባንክ ሄድን። ልጁ ቅጹን ሲሞላ «ሥራ?» አላት። እናቴ ዝም አለች። እሱም ልማዱ ነውና «የቤት እመቤት» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

«ቆይ ልጄ» አለችው። «በርበሬ ነጋዴ ነኝ።»

ሃያ አምስት ዓመት በርበሬ ነግዳ የሰው ዕዳ ስትከፍል የኖረች ሴት፣ ራሷን ነጋዴ ብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ይላል። በአጎራባቹ አማራ ክልል የገበሬው የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ወረቀት ድብርት አያድንም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ስሟን ወረቀት ላይ አይታ የማታውቅ ሴት «ራስሽን ውደጂ» ስትባል የትኛውን ራሷን ነው የምትወደው?

እናቴ ዛሬ ደህና ናት ማለት ይከብደኛል። ተሽሏታል። አሁንም አንዳንድ ሌሊት ኮቴ ታዳምጣለች። መድኃኒቷን ትታ የታመመችበት ጊዜ ነበር፤ እንደገና ጀመረች።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር የፈለግኩት። ስለ እናቴ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጥፋተኛው አባቴ ነው፣ እኔ መስካሪ ነኝ።

ባለቤቴ ዲፕሎማ አላት። ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ማስተማሯን ተወች። «ለጊዜው» ብለን ነበር፤ አምስት ዓመት ሆነው። እኔ ደመወዝተኛ አይደለሁም፤ ጽሑፍ ሲወሰድልኝ እበላለሁ፣ ሳይወሰድልኝ ሲቀር ቤት ገብቼ ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል ቤቱ ዝም ይላል። ልጆቹ ቴሌቪዥን ቀንሰው ያያሉ። ይህን ጨዋነት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው ወር የገባሁበትን ቀነ ገደብ አሳለፍኩና ስልኬን ዘጋሁ። አዘጋጁ በባለቤቴ ስልክ ደወለ። ያነሳችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። እናቷን ቀና ብላ አየች፤ እናቷ በምልክት የሆነ ነገር ነገረቻት።

«አባቢ አሞታል» አለች ልጄ። ቀጥላም ከራሷ ጨመረች፦ «ወባ ይዞታል።»

ጠጥቼ አላውቅም። እንደ አባቴ ላለመሆን ስል አንድም ቀን አልቀመስኩም። ለካ አረቄው አያስፈልግም ነበር።

ስልኩን ተቀብዬ ለአዘጋጁ እውነቱን ነገርኩት። ልጄን ጠርቼ «አባቢ አላመመውም፤ ሥራውን ስላልጨረሰ አፍሮ ነው» አልኳት። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ባለቤቴን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን እሆናለሁ?»

ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይህን መልሳልኛለች፤ እኔም ተመስገን ብዬ ተነስቼ ሄጃለሁ። ያን ቀን አልተነሳሁም። «ምን ሆነሽ ነው ያልኩሽ አይደለም። እንዴት ነሽ ነው ያልኩሽ» አልኳት። ዕቃ ማጠቧን ትታ ተቀመጠች። ብዙ ዝም አለች። እኔም መልሱን አልሞላሁላትም።

«ማስተማር ናፍቆኛል» አለች። «ሌላም አለ። ግን ቆይ፣ ላስብበት።»

እየጠበቅኩ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ ቤታችሁ ያለችውን ሴት ጠይቋት፤ «እኔ ምን እሆናለሁ» ስትላችሁ ደግማችሁ ጠይቋት። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ማቃጠሉ፣ ደስታ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ይዛችኋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ስትሄዱ ግን የእናንተን ምሳ ማን እንደሚያሞቅ አስቀድማችሁ ንገሯት።